የሠርግ ጥሪ ካርድና የኅትመት ፊዚክስ

በጥቅምት ወር መጨረሻ ገደማ ከቀድሞ ተማሪዎቻችን አንዱ ወደ ቢሯችን መጥቶ ነበር። ዛሬ እርሱም በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነው። ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። የምሥራቹን ከነገረን በኋላ ከቦርሳው ሦስት ፕሮፎርማዎች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው።

«ዶክተር፣ ፊዚክስን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ እስቲ ይህንንም ያስረዱኝ» አለን። «ካርዱ አንድ ዓይነት ነው፤ ብዛቱም 350 ነው። የመጀመሪያው ማተሚያ ቤት ‘ከአምስት መቶ በታች አያዋጣህም’ ይለኛል። ሁለተኛው ‘አንድም ቢሆን አትምልሃለሁ’ ይለኛል። ሦስተኛው ደግሞ ‘በስንት ቀለም ነው?’ ከማለት በቀር ምንም አይጠይቀኝም። ዋጋቸውም አይገናኝም። ከሦስቱ የሚያታልለኝ የትኛው ነው?»

ጥያቄው የቀልድ አልነበረም። ሁለቱም ተጋቢዎች ደመወዝተኞች ናቸው፤ ያጠራቀሙት ገንዘብ የተወሰነ ነው፤ ከካርዱ የሚተርፈው እያንዳንዱ ብር ለሚከራዩት ቤት ቀብድ ይውላል። በሌላ በኩል እናቱ «የወርቅ ጽሑፍ የሌለውን ካርድ ዘመድ ፊት ይዤ አልቀርብም» ብለዋል። እርሳቸውን መውቀስ አይቻልም። በአገራችን የጥሪ ካርድ ቀንና ቦታ ማስታወቂያ ብቻ አይደለም፤ ቤት ድረስ ተወስዶ በሁለት እጅ የሚሰጥ የአክብሮት ምልክት ነው። ካርድ ያልደረሰው ዘመድ «ረሱኝ» አይልም፤ «ናቁኝ» ነው የሚለው።

ለተማሪያችን የሰጠነው መልስ አጭር ነበር፤ ከሦስቱ የሚያታልል የለም። እያንዳንዳቸው የተናገሩት ማሽናቸው ስለሚሠራበት የተፈጥሮ ሕግ ነው። የኅትመት ዋጋ የሚወሰነው በነጋዴው ፍላጎት ብቻ ሳይሆን የመጀመሪያዋ ቅጂ ከመውጣቷ በፊት ምን ያህል ዝግጅት እንደሚያስፈልግ ነው። ይህን የተረዳ ሰው የትኛው ማሽን ለእርሱ እንደሚስማማ ራሱ ማስላት ይችላል። እነሆ፣ በዚያ ቀን በቢሯችን የተጀመረውን ውይይት ለውድ አንባብያን አስፋፍተን አቅርበነዋል።

ዘይትና ውኃ

«ከአምስት መቶ በታች አያዋጣም» ያለው ማተሚያ ቤት የሚሠራው በኦፍሴት ነው። የዚህ ዘዴ መሠረት ወጥ ቤት የገባ ሰው ሁሉ የሚያውቀው እውነት ነው፤ ዘይትና ውኃ አይዋሐዱም።

ይህን እውነት ለኅትመት ያዋለው አሎይስ ዘኔፌልደር የተባለ በጀርመን አገር በባየርን ይኖር የነበረ የተውኔት ጸሐፊ ነው። ድርሰቶቹን ለማሳተም ገንዘብ ስላጠረው በርካሽ የሚያትምበትን መንገድ ራሱ ይፈልግ ነበር። እርሱ ራሱ እንደ ተረከው፣ እ.ኤ.አ. በ1796 እናቱ ለአጣቢ የሚሰጡ ልብሶችን ዝርዝር ጻፍልኝ ቢሉት፣ ወረቀት በማጣቱ ለሙከራ ባዘጋጀው የድንጋይ ገጽ ላይ በቅባታማ ቀለም ጻፈው። ከዚያ ተነሥቶ ባደረገው ተከታታይ ሙከራ፣ በቅባት የተጻፈበት የድንጋይ ክፍል ቀለም እንደሚይዝ፣ በውኃ የረጠበው ባዶ ክፍል ግን ቀለሙን እንደሚገፋ ተገነዘበ። እንግዲህ ዛሬ በብዛት ለሚታተሙ ጽሑፎች የምንጠቀምበት ዘዴ የተወለደው ከጠባብ በጀት ነው ማለት ይቻላል።

በዘመናዊው ኦፍሴት የድንጋዩን ቦታ ስስ የአሉሚኒየም ፕሌት ተክቶታል። በፕሌቱ ላይ ጽሑፉ ያለበት ክፍል ቀለም ይወዳል፤ ባዶው ክፍል ደግሞ ውኃ ይወዳል። ማሽኑ ፕሌቱን መጀመሪያ ያረጥበዋል፤ ቀጥሎ ቀለም ይቀባዋል። ከዚያም ምስሉ ወደ ጎማ ጥቅል፣ ከጎማው ደግሞ ወደ ወረቀቱ ይሸጋገራል። ጎማው ለስላሳ በመሆኑ የወረቀቱን ጥቃቅን ጉብታና ጉድጓድ ተከትሎ ስለሚተኛ ጽሑፉ ጥርት ብሎ ይወጣል።

ነገር ግን ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ፕሌት ያስፈልጋል። ባለ ሙሉ ቀለም ሥዕል የሚታተመው በሳያን፣ በማጀንታ፣ በቢጫና በጥቁር ስለሆነ አራት ፕሌት ይፈልጋል ማለት ነው። ማሽኑ ይታጠባል፤ የውኃውና የቀለሙ ሚዛን ይስተካከላል፤ አራቱ ቀለሞች አንዱ በሌላው ላይ በትክክል እስኪያርፉ ድረስ ብዙ ወረቀት ይባክናል። ይህ ሁሉ ከተጠናቀቀ በኋላ ማሽኑ በሰዓት በሺዎች የሚቆጠር ወረቀት ያትማል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጨመረው የወረቀትና የጥቂት ቀለም ወጪ ብቻ ነው። ማተሚያ ቤቱ ሃምሳ ካርድ ለማተምም ሆነ አምስት ሺህ ለማተም ያው ዝግጅት ነው የሚጠብቀው።

ሙልና ዱቄት

«አንድም ቢሆን አትምልሃለሁ» ያለው ቤት ያለው ማሽን በተለምዶ ዲጂታል የምንለው የሌዘር ማተሚያ ነው። የዚህ ዘዴ አባት ቼስተር ካርልሰን የፊዚክስ ምሩቅ ሲሆን፣ ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ ድርጅት የፓተንት ክፍል ይሠራ ነበር። ሰነዶችን ደጋግሞ መገልበጡ ስላሰለቸው ሌላ መንገድ መፈለግ ጀመረ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1938 ከረዳቱ ጋር ሆኖ፣ ድኝ የተቀባ የዚንክ ሰሌዳን በመሐረብ በማሸት የኤሌክትሪክ ሙል እንዲይዝ አደረገ። ጽሑፍ ባለበት መስታወት በኩል ብርሃን ሲለቅበት ብርሃን ያረፈበት ክፍል ሙሉን አጣ፤ በጽሑፉ የተጋረደው ክፍል ግን እንደ ያዘ ቀረ። ደቃቅ ዱቄት ሲነሰንስበት ዱቄቱ ሙል ባለበት ቦታ ብቻ ተጣበቀ፤ ጽሑፉም ታየ።

የዛሬው ሌዘር ማተሚያ በመሠረቱ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የሌዘር ጨረር ሙል በያዘው ከበሮ ላይ ጽሑፉን «ይጽፋል»፤ ቶነር የተባለው የፕላስቲክ ዱቄት በኤሌክትሪክ ስሕበት ይያዝበታል፤ ከዚያ ወደ ወረቀቱ ይዘላል፤ በመጨረሻም በሞቀ ጥቅል ተጨፍልቆና ቀልጦ ይጣበቃል።

እዚህ ላይ ፕሌት የሚባል ነገር የለም። ከበሮው ለእያንዳንዱ ገጽ ምስሉን እንደ አዲስ ይቀበላል። ስለዚህ መነሻ ዝግጅቱ ከዜሮ ብዙም አይርቅም፤ በየካርዱ ላይ የተለያየ የተጋባዥ ስም ማተም እንኳ ይቻላል። በአንጻሩ ግን ቶነሩና የማሽኑ ድካም ለእያንዳንዱ ቅጂ ስለሚከፈል አምስት መቶኛው ካርድ ከመጀመሪያው አይረክስም።

የዘዴው ድክመትም የሚመነጨው ከዚያው ከፊዚክሱ ነው። ቶነር ወደ ወረቀቱ ውስጥ አይሰርግም፤ ላዩ ላይ እንደ ስስ ፕላስቲክ ይተኛል። በመሆኑም ካርዱ በሚታጠፍበት መስመር ላይ ደማቅ ቀለም ካለ ይሰነጠቃል። ሸካራ ወረቀት ላይ ደግሞ ዱቄቱ ጉድጓዱን መሙላት ይሳነዋል። በክረምት እርጥበት የጠጣ ወረቀት ሙልን ስለሚያፈስ ኅትመቱ ሊደበዝዝ ይችላል፤ ወረቀት ተጠቅልሎ በደረቅ ቦታ የሚቀመጠው ስለዚህ ነው።

ወንፊትና ቀለም

ሦስተኛው ቤት የቀለሙን ቁጥር ብቻ የጠየቀው ሥራው ሲልክ ስክሪን በመሆኑ ነው። በእንጨት ወይም በብረት ክፈፍ ላይ የተወጠረ ደቃቅ ወንፊት ብርሃን ሲያገኘው በሚደርቅ ፈሳሽ ይቀባል። ጽሑፉ በጥቁር የታተመበት ግልጽ ፊልም ይደረብበትና ብርሃን ይለቀቅበታል። ብርሃን ያገኘው ክፍል ይጠነክራል፤ በጽሑፉ የተጋረደው ክፍል በውኃ ሲታጠብ ይከፈታል። ከዚያ ወፍራም ቀለም ይደረግበትና በላስቲክ መጥረጊያ ሲገፋ በተከፈተው ቀዳዳ አልፎ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ቀለሙ ሲገፋ ይቀጥናል፤ ግፊቱ ሲቆም መልሶ ይወፍራል። ጽሑፉ ሳይፈስ ቅርጹን ይዞ የሚቀረው ከዚህ የተነሣ ነው።

ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ወንፊት ማዘጋጀት ግድ ነው፤ ዝግጅቱ ግን ከኦፍሴቱ ይቀልላል። እያንዳንዱ ካርድ በእጅ ስለሚታተምና እስኪደርቅ ተዘርግቶ ስለሚቆይ ደግሞ የአንዱ ካርድ ወጪ ከኦፍሴቱ ይበልጣል። ስለዚህ ስክሪን በሁለቱ መካከል ያለ ዘዴ ነው።

የቀጥታ መስመር እኩልታ

ከዚህ በኋላ ወረቀትና እርሳስ አነሣን። የማተሚያ ቤት ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የፕሮፎርማዎቹን ቁጥር እዚህ አንጠቅስም፤ በምትኩ ለስሌት የሚመቹ ቁጥሮችን እንውሰድ። ለሦስቱም የሚያገለግለው እኩልታ አንድ ነው፦

ጠቅላላ ወጪ = መነሻ ወጪ + (የአንዱ ካርድ ወጪ × የካርዶች ብዛት)

አንባቢ እንደሚያስታውሰው ይህ የቀጥታ መስመር እኩልታ ነው። መነሻ ወጪው መስመሩ ከየት እንደሚጀምር ያሳያል፤ የአንዱ ካርድ ወጪ ደግሞ የመስመሩ ተዳፋት ነው። ለምሳሌ ያህል እንዲህ ብለን እንነሣ፦

ሌዘር፦ መነሻ 200 ብር፣ በካርድ 30 ብር።
ስክሪን በአንድ ቀለም፦ መነሻ 1,500 ብር፣ በካርድ 20 ብር።
ኦፍሴት፦ መነሻ 6,000 ብር፣ በካርድ 10 ብር።

የሌዘሩና የስክሪኑ መስመሮች የሚገናኙት የመነሻዎቹ ልዩነት 1,300 ለካርድ ዋጋዎቹ ልዩነት ለ10 ሲካፈል፣ ማለትም 130 ካርድ ላይ ነው። ስክሪንና ኦፍሴት የሚገናኙት ደግሞ 4,500 ለ10 ሲካፈል፣ ማለትም 450 ካርድ ላይ ነው። እንግዲህ በእነዚህ ቁጥሮች መሠረት ከ130 በታች ሌዘር፣ ከ130 እስከ 450 ስክሪን፣ ከ450 በላይ ኦፍሴት ይረክሳል። «ርካሽ ማሽን» ብሎ ነገር የለም፤ ለዚህ ብዛት ርካሽ የሆነ ማሽን ነው ያለው።

ለ350 ካርድ ሲሰላ ሌዘር 10,700፣ ስክሪን 8,500፣ ኦፍሴት 9,500 ብር ይሆናል። ተማሪያችን ግን ልቡ ያዘነበለው ወደ ኦፍሴቱ ነበር። «አምስት መቶ ባሳትም እኮ አንዱ ካርድ 22 ብር ብቻ ይመጣልኛል» አለ። ስሌቱ ትክክል ነው፤ 11,000 ለ500 ሲካፈል 22 ነው። ነገር ግን የማይፈለጉ 150 ካርዶች በቤት ውስጥ የሚቀመጡ ወረቀቶች ናቸው እንጂ ትርፍ አይደሉም። የአንዱ ዋጋ ሲወርድ ከኪስ የሚወጣው ሊጨምር እንደሚችል ሒሳብ የሚያውቅ ሰው እንኳ ይዘነጋዋል።

የተረሳው መለኪያ

በዚህ ጊዜ አንድ ጥያቄ አቀረብንለት፤ «350 ያልከው ሰው ነው ወይስ ቤት?»

ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። 350 የተጋባዦቹ ቁጥር ነበር። የጥሪ ካርድ የሚጻፈው ግን «ከነቤተሰብዎ» ተብሎ እንጂ ለባል አንድ፣ ለሚስት አንድ፣ ለልጆች አንድ አንድ አይደለም። ከእጮኛው ጋር ተቀምጠው የተጋባዦችን ስም በየቤቱ እንዲዘረዝሩ መክረን ሸኘነው። ከሁለት ቀን በኋላ ሲመለስ 350ው ሰው 160 ቤት ሆኖ ተገኘ።

በዚህ ላይ ለተረሳ ዘመድና ለብልሽት 20 መጠባበቂያ ጨመርን። ይህም የራሱ ስሌት አለው። በስክሪን ሲታተም 20 ካርድ አሁን መጨመር 400 ብር ነው። ማተሚያ ቤቱ ሥራውን ጨርሶ ወንፊቱን ካጠበው በኋላ 20 ካርድ ለማሳተም መመለስ ግን እንደገና መነሻውን መክፈል ስለሆነ 1,900 ብር ያስወጣል። በሌዘር ቢሆን መጠባበቂያው እምብዛም አያስጨንቅም፤ በፈለጉ ጊዜ አምስትም አሥርም ማስጨመር ይቻላልና።

ለ180 ካርድ ሌዘር 5,600፣ ስክሪን 5,100፣ ኦፍሴት 7,800 ብር ይሆናል። ልብ ይሏል፤ በስክሪኑ የአንዱ ካርድ ዋጋ ከ28 ብር በላይ ነው፤ ከአምስት መቶው ካርድ ዋጋ ይበልጣል። ከኪስ የሚወጣው ጠቅላላ ገንዘብ ግን ከ11,000ው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ይህን ቁጠባ ያመጣው የትኛውም ማሽን አይደለም፤ በእርሳስ የተጻፈው የስም ዝርዝር ነው።

ሦስት ሚሊሜትር

እጮኛው የፈለገችው በየጎኑ 15 ሳንቲሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ካርድ ነበር። የተለመደው ኤ4 ወረቀት ወርዱ 21፣ ርዝመቱ 29.7 ሳንቲሜትር ነው። የዚህ የወረቀት ቤተሰብ ውበት ርዝመቱ ለወርዱ ሲካፈል የ2 ካሬ ሥር፣ ማለትም 1.414 ገደማ መሆኑ ነው። ወረቀቱ በመሐል ሲቆረጥ ግማሹም ያንኑ ቅርጽ ይይዛል። ኤ0 አንድ ካሬ ሜትር ነው፤ ኤ4 የእርሱ አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው። «250 ግራም» የሚባለው የካርድ ወረቀትም አንድ ካሬ ሜትሩ 250 ግራም ይመዝናል ማለት ሲሆን፣ አንድ ኤ4 ከዚህ 15.6 ግራም ገደማ ይደርሰዋል።

ሁለት ባለ 15 ሳንቲሜትር ካርዶች ጎን ለጎን 30 ሳንቲሜትር ይፈልጋሉ። ወረቀቱ ግን 29.7 ነው። በሦስት ሚሊሜትር ምክንያት ከአንድ ወረቀት አንድ ካርድ ብቻ ይወጣል፤ ከወረቀቱ 64 በመቶው ይጣላል። ጎኑ 14 ሳንቲሜትር ቢሆን ግን ሁለት ካርድ ይወጣል፤ ለመቁረጫም ቦታ ይተርፋል። ለ180 ካርድ 180 ወረቀት የነበረው 90 ይሆናል። ኤ6 የሚባለው 10.5 በ14.8 ሳንቲሜትር ቅርጽ ቢመረጥ ደግሞ ከአንድ ወረቀት አራት ስለሚወጣ 45 ወረቀት ይበቃል። ማተሚያ ቤቱ ከኤ4 የሚሰፋ ወረቀት ቢጠቀምም ጥያቄው ያው ነው፤ «ከአንድ ወረቀት ስንት ካርድ ይወጣል?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም።

የሚታጠፍ ካርድ ለሚመርጡ አንድ ነገር እንጨምር። ወረቀት ሲሠራ ቃጫዎቹ በብዛት ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛሉ። እጥፋቱ ከቃጫው ጋር ትይዩ ሲሆን ንጹሕ ይወጣል፤ ቃጫውን አቋርጦ ሲታጠፍ ይፈነዳል። ወፍራም ወረቀት ከመታጠፉ በፊት መስመሩ በመጫኛ እንዲሰረጎድ ማዘዝም ይጠቅማል።

ወርቅ ቀለም አይደለም

የእናቲቱ ጥያቄ ገና መልስ አላገኘም። በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ ወርቃማ ሆኖ የታየው ጽሑፍ በሌዘር ወይም በተለመደው ባለ አራት ቀለም ኦፍሴት ሲታተም ለምን ቡናማ ወይም ሰናፍጭ መሰለ? መልሱ ወርቅነት የቀለም ጉዳይ ብቻ ባለመሆኑ ነው። ብረት ብርሃንን እንደ መስታወት ወደ አንድ አቅጣጫ ይመልሳል፤ ካርዱን ስናዘነብለው የሚያብለጨልጨው በዚህ ነው። የተለመደው ቀለም ግን ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይበትነዋል፤ በአራቱ ቀለሞች ቅልቅል ቢጫነቱን መምሰል ይቻላል እንጂ ብልጭታውን ማምጣት አይቻልም።

ብልጭታውን የሚያመጡ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በጋለ ማኅተም ስስ ፎይል መጫን ነው። የዚህ ፎይል «ወርቅ» በአብዛኛው ቢጫ ቫርኒሽ የለበሰ እጅግ ስስ አሉሚኒየም ነው። ለማኅተሙ የሚቀረጸው ብረት መነሻ ወጪውን ከፍ ስለሚያደርገው ለትንሽ ብዛት ይከብዳል። ሁለተኛው ደቃቅ የብረት ቅንጣት የተቀላቀለበት ቀለም ነው። ቀለሙ ሲደርቅ ቅንጣቶቹ እንደ ጥቃቅን መስታወት ተጋድመው ብርሃን ይመልሳሉ። ይህን ቀለም በስክሪን ማተም ይቻላል።

እዚህ ላይ ስክሪን ሌላ ጥቅም አለው። የኦፍሴት ቀለም ውፍረት አንድ ማይክሮሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ብርሃን አልፎበት ከነጩ ወረቀት ተመልሶ ነው የምናየው። ስለዚህ ጥቁር ወይም ደማቅ ወረቀት ላይ አይታይም። በስክሪን የሚያርፈው ቀለም ግን በአሥር ማይክሮሜትሮች የሚቆጠር ውፍረት ሊኖረው ስለሚችል የሥሩን ወረቀት ይሸፍናል። እንግዲያውስ የሚመረጠው አንድ ቀለም ለምን ራሱ ወርቃማው አይሆንም? ጥቁር ቀይ ወረቀት፣ አንድ ወንፊት፣ አንድ ወርቃማ ቀለም፤ መነሻ ወጪው ሳይጨምር የእናቲቱ ፍላጎት ተሟላ። የወርቃማው ቀለም ዋጋ ከተራው ጥቂት ሊለይ ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ግን ይገባል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የፊደላችን ልዩነት በጥቃቅን ምልክት ላይ የተመሠረተ ነው፤ «ለ» እና «ሉ»ን የሚለየው አንዲት ትንሽ ጭረት ናት። ጭረቲቱ ከወንፊቱ ቀዳዳ ከቀጠነች ትጠፋለች፤ ስምም ይለወጣል። ስለዚህ ለስክሪን ደቃቅ ጽሑፍና የተወሳሰበ ጌጥ ያለው ፊደል አይመረጥም። ለአረጋውያን ዓይንም ተለቅ ያለው ይሻላል።

ስሕተት ሲባዛ

ማተሚያ መልካሙንም ስሕተቱንም እኩል ያባዛል። በሌዘር ሦስተኛው ካርድ ላይ የታየ ስሕተት ወዲያው ይታረማል፤ በፕሌትና በወንፊት የታየ ስሕተት ግን መነሻውን ሁለት ጊዜ ያስከፍላል። ስለዚህ ከመታተሙ በፊት በወረቀት የወጣ ናሙና በሁለት ሰው መነበብ አለበት፤ አንዱ ካርዱን ጨርሶ ያላየ ሰው ቢሆን ይመረጣል።

በአማርኛና በእንግሊዝኛ በሚታተም ካርድ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው ሰዓት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት የሆነው በእንግሊዝኛው 12 ሰዓት መሆን ሲገባው 6 ተብሎ ይታተማል። ሁለተኛው ቀን ነው። ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. የዋለው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 2026፣ እሑድ ነው። ጥር 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ግን ጃንዋሪ 26 ቀን 2024 ነበር። ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት አቻው ቀን እስከ የካቲት ድረስ በአንድ ስለሚገፋ፣ የወንድምን ወይም የጓደኛን የቆየ ካርድ አይቶ መገልበጥ እንግዳን በማግሥቱ ሊያመጣ ይችላል።

ፊደልም ያሳስባል። የግእዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ፎንቶች የየራሳቸው አሰላለፍ ስለነበራቸው፣ በእነርሱ የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ጽሑፉን በዩኒኮድ ጽፎ፣ ፎንቱ አብሮ በታሸገበት ፒዲኤፍ መስጠት ይህን ያስቀራል። ፎቶግራፍ የሚያስገቡ ተጋቢዎች ደግሞ ለጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ ማለትም በአንድ ሳንቲሜትር 118 ነጥብ ገደማ እንደሚፈለግ ይወቁ። ወርዱ 10 ሳንቲሜትር ለሆነ ፎቶ 1,180 ነጥብ ያስፈልጋል። በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ምስል ስለሚያንስ እንደ ፋይል መላክ ይሻላል።

በመጨረሻም የጊዜ ነገር አለ። የስክሪን ቀለም ለመድረቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ ማተሚያ ቤቶችም የጥር ሠርግ ሲቃረብ ይጣበባሉ። አበው «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ያሉት እንዲህ ላለው የመጨረሻ ሰዓት ሩጫ ነው። የቸኮለ ደንበኛ ዋጋ አይከራከርም፤ ናሙናም አያነብም።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ተማሪያችን እንደገና ቢሯችንን አንኳኳ። በሁለት እጁ የዘረጋልን ካርድ ጥቁር ቀይ ነበር፤ ጎኑ 14 ሳንቲሜትር፤ ጽሑፉ ወርቃማ፤ ስሞቹ ተለቅ ብለው የሚነበቡ። በነጩ ፖስታ ላይ የእኛ ስም በታናሽ እኅቱ ቁም ጽሕፈት ተጽፎ ከሥሩ «ከነቤተሰብዎ» ይል ነበር።

«እናትህስ ምን አሉ?» ብለን ጠየቅነው።

«መጀመሪያ ወደ መስኮቱ አቅርበው አዘነበሉት፤ ብልጭ ሲል ሳቁ» አለን። «ዋጋውን ግን እስካሁን አልጠየቁኝም። ቀብዱንም ከፍለናል።»

ለመጪው የሠርግ ወቅት የምትዘጋጁ አንባብያን፣ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ ተቀመጡ፤ ሰዎቹን በየቤታቸው ቁጠሩ፤ ከእያንዳንዱ ማተሚያ ቤት መነሻ ወጪውንና የአንዱን ካርድ ወጪ ለይታችሁ ጠይቁ፤ መስመሮቹ የት እንደሚገናኙ አስሉ። መልካም ጋብቻ!